ከስሙ በፊት አካሉን፦ በግቢያችን የሚገኙ ነፍሳትን ስለ መመልከትና ስለ መለየት

መግቢያ

የብርዱ ወራት አልፎ ዛፎች ማቆጥቆጥ በሚጀምሩበት በመጋቢት ወር አንድ ቀን ጧት፣ በሜሪላንድ በምኖርበት ቤት፣ ከምድር ቤቱ መስኮት ሥር ክንፍ ያላቸው ጥቃቅን ነፍሳት በብዛት ተሰብስበው አገኘሁ። ገሚሶቹ በመስተዋቱ ላይ ይርመሰመሳሉ፤ ገሚሶቹ ክንፋቸውን ጥለው በወለሉ ላይ ይጓዛሉ። ወዲያው ከአፌ የወጣው ቃል «ምስጥ!» የሚል ነበር። ይህም ያለ ምክንያት አልነበረም። በሀገራችን የመጀመሪያው ዝናብ መሬቱን ባራሰ ማግሥት ባለ ክንፍ ምስጥ ከኩይሳው ገንፍሎ ሲወጣ ያላየ የገጠር ልጅ ጥቂት ነው። ምስጥ በወለጋ፣ በመንዲና በነጆ አካባቢ፣ በሰብልና በቤት ላይ የሚያደርሰውን ጥፋት የሚያውቅ ሰው ደግሞ ስሙን ሲሰማ መደንገጡ አይቀርም።

በማግሥቱ ያስጠራሁት የተባይ ማጥፊያ ድርጅት ሠራተኛ ቆም ብሎ ጥቂት ከተመለከተ በኋላ የእኔኑ ቃል በእንግሊዝኛ ደገመልኝ። ከዚያም የቤቱ ዙሪያ ተቆፍሮ መድኃኒት እንዲፈስበት የሚጠይቅ፣ ከአንድ ወር ደመወዜ እምብዛም የማያንስ ሒሳብ ጽፎ ሰጠኝ። የእርሻ ሳይንስ ተምሬ ዶክትሬት የያዝኩት ሰው ለመፈረም ብዕሬን አንሥቼ ነበር። ያስቆሙኝ ሊጠይቁኝ ከጎጃም መጥተው የነበሩት እናቴ ናቸው። አንዱን ነፍሳ በጣታቸው አንሥተው ወደ ብርሃኑ ካስጠጉት በኋላ፣ «ልጄ፣ ይኼማ ጉንዳን ነው። ምስጥ መቼ ወገብ አለው?» አሉኝ። ጨፍልቀው አሸተቱትና «ደግሞ ሎሚ ሎሚ ይላል» ሲሉ ጨመሩ።

በማጉያ መነጽር ስመረምራቸው እናቴ የተናገሩት ሁሉ እውነት ሆኖ ተገኘ። በምሥራቅ አሜሪካ በብዛት የሚገኝ፣ ሲጨፈለቅ የሎሚ ሽታ የሚሰጥ፣ ከመሬት በታች የሚኖር ቢጫማ ጉንዳን ነው። ምግቡ በዕፀዋት ሥር ላይ ከሚኖሩ የክሽክሽ ዘመዶች የሚያገኘው ጣፋጭ ፈሳሽ ሲሆን፣ የቤት እንጨት አይነካም። በጥቂት ቀናት ውስጥ የወጡት ሁሉ በመጥረጊያ ተጠርገው ነገሩ አበቃ። ከገንዘቡ ይልቅ ለብዙ ጊዜ ያሳሰበኝ ግን ሌላ ነው። ምስጥ ምን እንደሚመስል አውቃለሁ፤ ጉንዳንንም አውቃለሁ፤ ሆኖም አስቀድሞ ከአፌ የወጣው ስም ዓይኔን ስለ ጋረደው በፊቴ ያለውን ሳላይ ቀረሁ።

የዚህ ጽሑፍ ዓላማም ይኸው ነው። በስደት በምንኖርባቸው ሀገሮች ግቢያችንን የሚጋሩንን ጥቃቅን ፍጥረታት እንዴት ተመልክተን መለየት እንደምንችል፣ ከቋንቋችን የወረስናቸው ስሞችም በዚህ ሥራ የት ላይ እንደሚረዱን፣ የት ላይ ደግሞ እንደሚያሳስቱን ለማሳየት እሞክራለሁ። በጽሑፉ ውስጥ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

አካል ምን ይናገራል?

በትምህርት አማርኛ ነፍሳት «ሦስት አጽቄ» ይባላሉ። አካላቸው ራስ፣ ደረትና ሆድ ተብሎ በሦስት የተከፈለ ነው። እግራቸው ስድስት ሲሆን ሁሉም የሚበቅሉት ከደረት ነው፤ ክንፍ ያላቸው እንደሆነም ክንፉ የሚበቅለው ከዚያው ነው። ሸረሪት፣ ጊንጥና መዥገር ስምንት እግር ስላላቸው፣ በልማድ ከነፍሳት ጋር ቢቆጠሩም፣ ከዚህ ወገን አይደሉም። ስለዚህ የማንኛውም ተመልካች የመጀመሪያ ጥያቄ «እግሩ ስንት ነው?» የሚል መሆን ይገባዋል።

ሁለተኛው ጥያቄ ስለ ክንፍ ነው። ንብ፣ ተርብ፣ ቢራቢሮና ባለ ክንፍ ጉንዳን አራት አራት ክንፍ አላቸው። ዝንብና ትንኝ ግን ሁለት ብቻ ናቸው፤ የኋለኞቹ ክንፎች ጠፍተው በምትካቸው በበረራ ጊዜ ሚዛን የሚጠብቁ ሁለት ትናንሽ ዘንጎች ቀርተዋል። ጥንዚዛ ደግሞ ሁለቱ የፊት ክንፎች እንደ ቅርፊት ጠንክረው ለኋለኞቹ ክንፎች መክደኛ ሆነውለታል። በበጋ ማታ በሜሪላንድ ሣር ላይ ብልጭ ድርግም የምትለው ነፍሳ በእንግሊዝኛ «የእሳት ዝንብ» ብትባልም ክንፎቿ ሲታዩ ጥንዚዛ እንጂ ዝንብ አይደለችም።

ሦስተኛው ጥያቄ ስለ ወገብና በራስ ላይ ስላሉት፣ አንቴና ስለሚባሉት ሁለት መዳሰሻ ቀንዶች ነው። እኔን ያሳሳተኝ ጉዳይ የሚፈታው እዚህ ላይ ነው። የምስጥ ደረትና ሆድ ሰፍቶ ስለሚገናኝ ወገብ አለው አይባልም፤ የጉንዳን ወገብ ግን በክር የታሰረ ያህል ቀጭን ነው። የምስጥ አንቴና በክር እንደ ተሰካ ዶቃ ቀጥ ያለ ሲሆን፣ የጉንዳን አንቴና እንደ ክንድ ከመካከሉ ይታጠፋል። የምስጥ አራቱ ክንፎች እኩል ርዝመት ያላቸውና ከአካሉም እጅግ የረዘሙ ናቸው፤ የጉንዳን የፊት ክንፎች ግን ከኋለኞቹ ይረዝማሉ። እነዚህ ሦስት ምልክቶች እርስ በርሳቸው ሲመሰካከሩ ፍርዱ የጸና ይሆናል።

በዝምድናም ቢሆን ሁለቱ ፈጽሞ የተራራቁ ናቸው። ጉንዳን የንብና የተርብ ዘመድ ነው። ምስጥ ግን በ2007 የታተመ የዘር ቅንጣት ጥናት በግልጽ እንዳሳየው ከበረሮ ወገን የሚቆጠር ነው። እንግሊዞች ምስጥን «ነጭ ጉንዳን» ማለታቸው ስሕተት መሆኑም ከዚህ ይታወቃል። ይሁን እንጂ «ጉንዳን ነው» ማለትም የምርመራው መጨረሻ አይደለም። በዚሁ አካባቢ ትልቅና ጥቁር የሆነ፣ እርጥበት ያገኘውን የቤት እንጨት ቦርቡሮ የሚኖርበት ሌላ ጉንዳን አለ። እርሱ እንጨቱን እንደ ምስጥ ባይበላውም ጉዳት ያደርሳል። በዚህም የተነሣ የወገኑ ስም ከታወቀ በኋላ ወደ ዝርያው መውረድ ያስፈልጋል።

ከአካል ምርመራ የሚገኘው ጥቅም ጠላትን ከወዳጅ መለየት ብቻ አይደለም፤ ከከንቱ ፍርሃትም ያድናል። በአበባ ላይ ቢጫና ጥቁር መስመር ለብሳ የምትንሳፈፍ ነፍሳ ስትታይ ልጆች «ንብ!» እያሉ ይሸሻሉ። ቀረብ ብሎ ያየ ሰው ግን ክንፎቿ ሁለት፣ ዓይኖቿ የራሷን አብዛኛውን ክፍል የሸፈኑ፣ አንቴናዎቿም እጅግ አጫጭር መሆናቸውን ይረዳል። ንብ መስላ የምትኖር ዝንብ ናት። መውጊያ የላትም፤ የብዙዎቹ የዚህ ወገን ዝርያዎች እጭም ክሽክሽ እየበላ አትክልትን ይጠብቃል። እንደዚሁም በጸደይ ወራት በቤቱ የእንጨት በረንዳ ዙሪያ ሰው ፊት እየመጣ የሚያንዣብበው ትልቅ ጥቁር ንብ ብዙዎችን ያስፈራል። ፊቱ ላይ ነጣ ያለ ምልክት ካለው ወንድ ነው፤ ወንድ ንብ ደግሞ መውጊያ የለውም። ሆዱ ጠጉር የሌለውና የሚያብረቀርቅ ከሆነ፣ እንጨት በስታ እንቁላሏን የምትጥለው የንብ ዓይነት ነው፤ ሆዱ በጠጉር የተሸፈነ ከሆነ ግን አብዛኛውን ጊዜ በመሬት ጉድጓድ የሚሰፍር ሌላ ዓይነት ነው።

ስሞቻችንና ወሰናቸው

አማርኛ ለነፍሳት ያወጣቸውን ስሞች ሰብስቦ ለተመለከተ ሰው አንድ ነገር ጎልቶ ይታየዋል። ስሞቹ የተሰጡት በአብዛኛው ፍጥረቱ ከሰው ጋር ባለው ጉዳይ መጠን ነው። በሰውነትና በመኝታ ላይ ቅማል፣ ቁንጫና ትኋን፣ በጎተራ ነቀዝ፣ በልብስ ብል፣ በማሳ ተምችና ፌንጣ በየስማቸው ተለይተው ይታወቃሉ። ጉዳዩ የሕይወትና የሞት በሆነበት ስፍራ ደግሞ ስሙ ይበልጥ ይረቅቃል። በአማርኛው መጽሐፍ ቅዱስ በትንቢተ ኢዮኤል ምዕራፍ 1 ላይ ተምች፣ አንበጣ፣ ደጎብያና ኩብኩባ ተብለው አራት ሰብል አጥፊዎች ተለይተው መጠራታቸው ለዚህ ምስክር ነው። ኩብኩባ የሚለው ስም ክንፍ ሳያበቅል እየዘለለ ለሚጓዘው ለአንበጣ ልጅ የሚሰጥ በመሆኑ፣ ገበሬው የአንዱን ፍጥረት የዕድገት ደረጃዎች እንኳ ለይቶ ይጠራ እንደ ነበር ያሳያል።

በአንጻሩ ፍጥረቱ ከሰው ጋር ብዙ ጉዳይ በሌለው ጊዜ አንድ ስም ለእልፍ አእላፍ ይበቃል። ጥንዚዛ የሚለው ቃል ሳይንስ እስካሁን የመዘገባቸውን ወደ 400,000 የሚጠጉ ዝርያዎች ሁሉ ተሸክሟል። አንዳንዱ ስም በመምሰል የተሰጠ ነው። የውሃ ተርብ ከተርብ ወገን አይደለም፤ መውጊያም የለውም፤ ይልቁንም ትንኝን እያደነ የሚበላ ባለውለታ ነው። ሌላው ስም ደግሞ አንዱን ፍጥረት ከሁለት ይከፍለዋል። አባ ጨጓሬ ራሱን የቻለ እንስሳ ሳይሆን ገና ክንፍ ያላወጣ የቢራቢሮ ወይም የእሳት እራት ልጅ ነው።

ስም ከአካል ምርመራ በፊት ሲመጣ ምን ያህል እንደሚያሳስት ለማየት የንብን ጉዳይ መመልከት ይበቃል። ገበሬያችን የቀፎውን መሪ «አውራ» ይላታል፤ ቃሉ እንደ አውራ ዶሮ ወንድነትንና አለቃነትን ያመለክታል። እውነተኛው ወንድ ንብ ደግሞ ድንጉላ ተብሎ ይጠራል። በዚህ ግን ብቻችንን አይደለንም። አርስጣጣሊስ የቀፎውን ገዥ ንጉሥ ብሎ ከጻፈ በኋላ አውሮፓ ለብዙ መቶ ዓመታት በዚሁ ስም ጸንታ ኖራለች። እንግሊዛዊው ቻርልስ በትለር በ1609 ባሳተመው መጽሐፍ ገዥዋ ሴት መሆኗን አስተማረ፤ በዚያው ክፍለ ዘመን ሆላንዳዊው ያን ስዋመርዳም አካሏን ከፍቶ እንቁላል የምታፈራበትን ክፍል በማጉያ መነጽር ተመልክቶ ክርክሩን ዘጋው። ንጉሥን ንግሥት ያደረገው የአካሏ ምስክርነት ነው።

ሁለተኛው ምሳሌ ከእኛው ቋንቋ የተነሣ ነው። በ18ኛው መቶ ዓመት ኢትዮጵያን የጎበኘው ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ በ1790 ባሳተመው የጉዞ መጽሐፉ ከብት ስለምትፈጅ አንዲት አስፈሪ ዝንብ ጽፏል። ከሰጣት ስሞች አንዱ «ዝምብ» የሚለው ነበር። በእኛ ዘንድ ማንኛውንም ዝንብ የሚያመለክተው ይህ ተራ ቃል፣ በእንግሊዝኛ መዛግብተ ቃላት ውስጥ የአንዲት የተለየች የኢትዮጵያ ዝንብ መጠሪያ ሆኖ ገባ። የሀገሬው ሰው የወገኑን ስም ሲነግረው እንግዳው የዝርያው ስም አድርጎ ተቀበለው ማለት ነው። ዛሬ እኛ እንግዶች በሆንንበት ሀገር ይኸው ስሕተት በተራችን እንዳይደርስብን መጠንቀቅ አለብን።

የአንበጣ ነገር ደግሞ በተቃራኒው ያስተምራል። የበረሃ አንበጣ ብቻውን በሚኖርበት ጊዜ ከማንኛውም ፌንጣ እምብዛም አይለይም። ዝናብ ዘንቦ ቁጥሩ ሲበዛና ሲጠጋጋ ግን ቀለሙም ጠባዩም ተለውጦ በመንጋ ይጓዛል። የነፍሳት ተመራማሪው ቦሪስ ኡቫሮቭ በ1921 ስለ አንበጣ ባወጣው ጥናት፣ ሁለት ዝርያ ይመስሉ የነበሩት የአንዱ ዝርያ ሁለት ጠባያት መሆናቸውን አመለከተ። ከ2019 እስከ 2021 ኢትዮጵያንና ጎረቤቶቿን የመታው መንጋ ከዚሁ ዓይነት የተነሣ ነው። እንግዲህ አንዳንድ ጊዜ አንድ ስም ብዙዎችን ይደብቃል፤ አንዳንድ ጊዜ ደግሞ ሁለት ስሞች አንዱን ፍጥረት ይጋርዱታል።

ባኔከርና ባለ 17 ዓመቱ እንግዳ

በሜሪላንድና በዋሽንግተን አካባቢ የሚኖሩ ወገኖቻችን በግንቦት 2004፣ ከዚያም በግንቦት 2021 የሆነውን ያስታውሳሉ። ዓይናቸው ቀይ፣ አካላቸው ጥቁር፣ የክንፋቸው ጅማት ብርቱካናማ የሆኑ ነፍሳት ከመሬት እየወጡ ግንድና አጥር ሸፈኑ፤ የወንዶቹ ጩኸትም ሰው እንዳይደማመጥ አደረገ። በጊዜው «አንበጣ ገባ» ሲባል በገዛ ጆሮዬ ሰምቻለሁ፤ የጓሮ ቃሪያውንና ጎመኑን በጨርቅ የሸፈነም አለ። እነዚህ ነፍሳት ግን ሲካዳ የሚባሉ ሲሆኑ ከአንበጣ ጋር ዝምድና የላቸውም።

ልዩነቱን የሚናገረው አፋቸው ነው። አንበጣ ቅጠል የሚቆርጥ መንጋጋ አለው፤ ሲካዳ ግን እንደ መርፌ የሚሰካና ፈሳሽ የሚመጥ አፍ ብቻ ስላለው ቅጠል መቆርጠም አይችልም። ሰውንም አይናከስም። ሴቲቱ እንቁላሏን ለመጣል ቀጫጭን ቅርንጫፎችን ስለምትሰነጥቅ ለጋ የፍራፍሬ ችግኝ ሊጎዳ ይችላል፤ ትልቅ ዛፍ ግን አይሞትም። ከእንቁላሉ የሚፈለፈለው ልጅ ወደ መሬት ወድቆ ይቀበርና የዛፍ ሥር እየመጠጠ 17 ዓመት ይኖራል። በ17ኛው ዓመት በ20 ሳንቲ ሜትር ጥልቀት ያለው አፈር ወደ 18 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲሞቅ ሁሉም በአንድነት ይወጣሉ። ብዛታቸው በአንድ ኤከር መሬት ላይ ከአንድ ሚሊዮን ሊያልፍ ስለሚችል ወፍና ሽኮኮ በልተው ጠግበው ይተዋቸዋል፤ የተረፉትም ይዋለዳሉ። መከላከያቸው ብዛታቸው ነው ማለት ይቻላል። ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ሁሉም ያልቃሉ።

ይህንን እንግዳ አስቀድመው በጽሑፍ ከመዘገቡት ሰዎች አንዱ ከነጻ ጥቁር ቤተሰብ የተወለደው የሜሪላንድ ገበሬ ቤንጃሚን ባኔከር ነው። ባኔከር በ1731 ተወልዶ በ1806 የሞተ፣ የሥነ ፈለክን ትምህርት ለራሱ ያስተማረ፣ በ1791 የዋሽንግተን ከተማ ወሰን ሲለካ የተሳተፈና ከ1792 እስከ 1797 የዘመን መቁጠሪያ ያሳተመ ሰው ነው። ስለ ሲካዳ በማስታወሻው የተወው ጽሑፍ ለዚህ ርእስ እጅግ የሚጠቅም ነው። በ1749 የ17 ዓመት ወጣት ሳለ ዛፉንና ቁጥቋጦውን የሸፈኑትን ነፍሳት ሲያይ የምድሩን ፍሬ በልተው ረኃብ የሚያመጡ መስሎት ይገድላቸው ጀመር፤ ብዙም ሳይቆይ ድካሙ ከንቱ መሆኑን አይቶ ተወው። በ1766 ተመልሰው ሲመጡ ግን እንደ ፈራቸው ጎጂ አለመሆናቸውን ስለ ተረዳ አልነካቸውም። በ1783 ለሦስተኛ ጊዜ ሲያያቸው የመምጫቸውን ዘመን በመቁጠር በ1800 እንደሚመለሱ አስቀድሞ ጻፈ። እርሱም እንደ ዘመኑ ሰዎች ሁሉ የሚጠራቸው «አንበጣ» እያለ ነበር፤ የእንግሊዝ ሰፋሪዎች ከመጽሐፍ ቅዱስ የሚያውቁትን ስም ሰጥተዋቸው ኖሯልና።

እዚህ ላይ ልብ ሊባል የሚገባው ነገር አለ። ባኔከር ስሙን አልለወጠም፤ የለወጠው ሥራውን ነው። ወጣቱ ስሙን ሰምቶ ገደለ፤ ጎልማሳው ፍጥረቱን አይቶ ቆጠረ። ለዚህ ያበቁት ጊዜ፣ ዓይንና የማስታወሻ ደብተር ናቸው። ከ1749 ጀምሮ በ17 በ17 ዓመት ብንቆጥር 2004 እና 2021 ላይ እንደርሳለን። ወገኖቻችን «አንበጣ» ያሏቸው የባኔከር እንግዶች ልጆች ናቸው፤ ቀጣዩ መምጫቸውም 2038 ነው።

መዥገር፦ መለየት የጤና ጉዳይ ሲሆን

እስካሁን ያወሳነው በከንቱ ስለ መፍራት ነበር። ሳይፈሩ መቅረት የሚጎዳበት ጊዜም አለ። መዥገር ለእኛ የከብት ነገር ነው፤ በከተማ ቤት ግቢ ሰው ላይ ይጣበቃል ብሎ የሚጠብቅ ጥቂት ነው። ይሁን እንጂ በምሥራቅ አሜሪካ ጥቁር እግር ያለው የአጋዘን መዥገር፣ በአውሮፓም የቅርብ ዘመዱ፣ ላይም የሚባለውን በሽታ ያስተላልፋሉ። በሽታው ስሙን ያገኘው በ1975 በብዙ ልጆች ላይ በታየባት በኮኔቲከት ክፍለ ግዛት በምትገኘው በላይም ከተማ ነው።

በውሻ ላይ ዘወትር የሚታየው ትልቁ መዥገር በጀርባው ቅርፊት ላይ ነጫጭ ምልክት ሲኖረው፣ የአጋዘን መዥገር ነጭ ምልክት የለውም፤ እግሩም ጥቁር ነው። ይበልጥ አሳሳቢው ያልጎለመሰው ነው። መጠኑ ከአንድ የጤፍ ቅንጣት እምብዛም ስለማይበልጥ ጠቃጠቆ መስሎ ይታለፋል። በሽታው አብዛኛውን ጊዜ የሚተላለፈው መዥገሩ ከ24 ሰዓት በላይ ተጣብቆ ሲቆይ በመሆኑ፣ ከአትክልት ሥራ በኋላ ብብትን፣ ብሽሽትን፣ የጉልበትን ማጠፊያና የጆሮን ኋላ መፈተሽ ትልቅ መከላከያ ነው። የተጣበቀውን በቀጭን ወረንጦ ከቆዳው አጠገብ ይዞ ቀጥ አድርጎ መሳብ ይገባል፤ በክብሪት ማቃጠል ወይም ቅቤና ጋዝ መቀባት አይረዳም።

በሽታው ከተያዘ ከ3 እስከ 30 ቀን ባለው ጊዜ ውስጥ በቆዳ ላይ እየሰፋ የሚሄድ ምልክት ብዙውን ጊዜ ይወጣል። በመጻሕፍት የሚታየው ሥዕል በነጭ ቆዳ ላይ የወጣ ቀይ ቀለበት ነው። በጠይምና በጥቁር ቆዳ ላይ ግን ቅላቱ ስለማይጎላ የተበለዘ ወይም የጠቆረ ቦታ ብቻ መስሎ ሊታይ፣ ሐኪምም ሊያልፈው ይችላል። ስለዚህ ከወገኖቻችን መካከል መዥገር ከሰውነቱ ያወጣ ሰው ፍጥረቱን በተዘጋ ከረጢት አስቀምጦ፣ ቀኑን ጽፎ፣ ምልክት ወይም ትኩሳት ቢያይ ሁለቱንም ለሐኪሙ ቢያሳይ ይጠቅመዋል።

እንዴት እንጀምር?

ለዚህ ሥራ የሚያስፈልገው መሣሪያ ጥቂት ነው። አንድ ነጭ ሳሕን፣ አንድ ብርጭቆና ወፍራም ወረቀት፣ አሥር ጊዜ የሚያጎላ የእጅ መነጽርና ደብተር ይበቃሉ። ነፍሳውን በብርጭቆ ከድኖ ወረቀቱን ከሥር በማስገባት ሳይገድሉ መያዝ ይቻላል። በደብተሩ ላይ ከስሙ በፊት ቀኑ፣ ስፍራው፣ የተገኘበት ተክል፣ የእግሩና የክንፉ ቁጥር፣ የወገቡና የአንቴናው ቅርጽ፣ ሲሠራ የታየውም ሥራ ይጻፍ። ስሙ በመጨረሻ ይምጣ፤ እርግጠኛ ካልሆንን ደግሞ «ጥንዚዛ» ወይም «ዝንብ» ብለን በወገኑ ስም ላይ ማቆም ነውር የለበትም።

በ2008 የተጀመረውን ኢናቹራሊስትን የመሰሉ፣ ፎቶግራፍ አይተው ስም የሚጠቁሙ የእጅ ስልክ መሣሪያዎች ታላቅ እርዳታ ይሰጣሉ። ፎቶግራፉ ከላይ፣ ከጎንና ከፊት ቢነሣ፣ ለመጠን ማነጻጸሪያም ሳንቲም ቢቀመጥበት ውጤቱ የተሻለ ይሆናል። ሆኖም መሣሪያው የሚሰጠው አስተያየት እንጂ ፍርድ አይደለም። እኔን ያሳሳተኝ የራሴ ስም ነበር፤ የስልኩም ስም ያለ ምርመራ ከተወሰደ ያው ነው።

በደብተሩ ላይ ሁለት ስሞችን ጎን ለጎን መጻፍ መልካም ነው። አንደኛው ካርል ሊኔየስ በ1758 ለእንስሳት በወጥነት ሥራ ላይ ያዋለው፣ በሁለት ቃላት የሚነገረው ሳይንሳዊ ስም ነው። ጥቅሙ ቋንቋዎችን መሻገሩ ነው። በጎጃም ቀፎ ውስጥ ያለችው ንብና በሜሪላንድ አበባ የምትቀስመው ንብ አንዲት ዝርያ፣ ኤፒስ ሜሊፌራ፣ መሆናቸውን የምናውቀው በእርሱ ነው። የአሜሪካዋም ንብ መጤ ናት፤ በ1622 በመርከብ ወደ ቨርጂንያ የመጣች ናት። ሁለተኛው ስም ከእኛ አረጋውያን የሚገኘው ነው። እርሱም ከተናጋሪው የትውልድ አውራጃ ጋር መመዝገብ ይኖርበታል፤ በአንዱ አካባቢ ትንኝ የተባለው በሌላው ቢንቢ ይባላልና።

ማጠቃለያ

እናቴ ወደ ሀገራቸው ከመመለሳቸው በፊት ከሠላሳ የሚበልጡ የነፍሳት ስሞች አጽፈውኛል። ብዙዎቹን በሜሪላንድ ግቢ እየዞርን አንድ በአንድ ከፍጥረቱ ጋር አገናኝተናቸዋል። አንዳንዶቹ ግን እዚህ የማይገኙ ፍጥረታት ስሞች ስለሆኑ በደብተሬ ላይ ብቻቸውን ቀርተዋል። እነዚህን ስሞች ከአካላቸው ጋር የሚያውቋቸው ሰዎች እያረጁ ነው። ልጆቻችን ደግሞ በእንግሊዝኛ አንድ ቃል ሁሉንም ጠርተው ያልፋሉ፤ እኛም «ትል ነው፣ ተወው» ብለን ከማለፍ የተሻለ መልስ አልሰጠናቸውም።

ወገብ የሌለውን ምስጥ ወገብ ካለው ጉንዳን የለየው የእናቴ ዕውቀት ከመጽሐፍ የተገኘ አልነበረም፤ ከሳይንሱ ምርመራ ጋር ግን አንድ ሆኖ ተገኝቷል። ይህን የመሰለ ዕውቀት በየቤታችን በሚኖሩ እናቶችና አባቶች ዘንድ አለ። የማኅበራችን አባላት በሚቀጥለው በጋ ከአንድ አረጋዊና ከአንድ ልጅ ጋር ደብተር ይዘው ወደ ጓሮ ቢወጡና ያገኙትን ስም፣ የፍጥረቱን አካል መግለጫ ጨምረው፣ ለዚህ መጽሔት ቢልኩ ወደፊት ለሚዘጋጅ የአማርኛ የነፍሳት መዝገበ ቃላት መነሻ ይሆናል። በ2038 የባኔከር እንግዶች ተመልሰው ሲመጡ፣ ዛሬ ሕፃናት የሆኑት ልጆቻችን ጎልማሶች ይሆናሉ። በዚያን ጊዜ በአማርኛ ምን ብለው እንደሚጠሯቸው የሚወሰነው ዛሬ በምናደርገው ነው።